ሃምሳ አለቃው የጠየቀው

ፊንታን አየርላንድ ውስጥ ከጦሩ ኮብልሎ በመያዙ በመርከብ ወደ ታዝማኒያ ደሴት የተጋዘ እስረኛ ነበር። በጎች እየሸለተ ሳለ ቀና ሲል የጥንቱ ሃምሳ አለቃው፣ አሁን ሸምግሎና ጡረታ ወጥቶ ወደ ደሴቷ መጥቶ፣ በረቱ በር ላይ ቆሟል። እጁ ከመቀሱ ጋር ደርቆ ቀረ።

"አንተ ከይሲ፣ ረሳኸኝ?"

"አልረሳሁም ጌታዬ። ቅጣቴን ልጨርስ ነው።"

"እሱን ማን ጠየቀህ! እናትህ ታማ ፈቃድ የከለከሉህ ጊዜ አጥር ስትዘል አይቼህ፣ ፊቴን አዙሬልህ ነበር።" ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በሕይወት እያለች ደረስክላት?"

ፊንታን መቀሱን አስቀመጠ። "ደረስኩ። እጄን ይዛ ነው ያረፈችው።"

"እፎይ!" አለ ሽማግሌው። ኮቱን አውልቆ ተንበረከከና የበጉን እግሮች ያዘለት። "በል ሸልት፣ ምን ይገትርሃል?"

ፊንታን በክንዱ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።