ሰዓቱ የደወለ ዕለት

ልጃቸው ገዝቶ እጃቸው ላይ ያሰረላቸው ሰዓት እግርንም አእምሮንም ያሠራል። ሽማግሌው በየጠዋቱ ሰፈራቸውን ሲዞሩ መታጠፊያ ላይ ይነዝርና «አሁን በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ መንገድ ከሳቱ ለልጃቸው ይደውላል። ልጅየውም የአባቱን እርምጃ በስልኩ እያየ፣ ደህና ናቸው ብሎ፣ ሊጠይቃቸው መምጣቱን ከተወ ሦስት ወር አልፎታል።

ዛሬ ሰዓቱ ደወለ። ልጅየው ስብሰባውን ጥሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማ ካርታ ሲሠሩ የኖሩ ሰው በገዛ ሰፈራቸው መጥፋታቸውን እያሰበ ሹፌሩን «ቶሎ በልልኝ» አለው።

ሰዓቱ የጠቆመው ቦታ ጁስ ቤት ሆኖ ተገኘ። አባቱ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምን እባክህ፣ መንገዱ ጠፋብኝ» አሉ ረጋ ብለው። «በል ቁጭ በል።»

ገና ላቡን ሳይጠርግ አስተናጋጇ ሁለት ብርጭቆ ጁስ ይዛ መጣች። እሱ የሚወደውን ስኳር የሌለው ፓፓያ ፊቱ አስቀመጠችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ ከቢሮው እዚህ ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል አላሉኝም? የተሳሳቱት በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።»