አሥር ላይ የቆመችው ቀስት

መካኒኩ ሦስቱን የጌጅ መያዣዎች መሪ ይዞ በተቀመጠው ባለመኪና ጭን ላይ ደረደረና፣ «እንግዲህ ይምረጡ ጋሼ» አለ። ቀይዋ ስፖርት መኪና ትናንት ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ሱፐርቻርጀር ተገጥሞላታል፤ የቀራት የአየር ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ብቻ ነው። ሰውየው መያዣዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይሄኛው ከመሪው አጠገብ ይሁን። ነገ አውራ ጎዳና ላይ አወጣታለሁ።»

«ባለፈው ሳምንት የጎረቤት አጥር ላይ ነው ያወጣሃት» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ።

«አጥሩ ነው መንገድ ውስጥ የገባው።»

መካኒኩ ከመግጠሙ በፊት እንደ ልማዱ ጌጁን በእጅ ፓምፕ አየር ነፍቶበት ሞከረው። ቀስቷ ተነስታ አሥር ላይ ቆመች። ጌጁን ከነፓምፑ መሪው አጠገብ ይዞ፣ «እዚህ ጋ በደንብ ይታይዎታል? ስንት ይላል?» ሲል ጠየቀ።

«ዜሮ ነዋ! ሞተሩ ጠፍቶ ስንት ሊል ነው?»

ሰውየው ብቻውን ሳቀ። ሚስትየዋ ቀስቷን አየች፣ ከዚያ መካኒኩን። መካኒኩ የፓምፑን ማስተንፈሻ ሲጫን አየሩ ሽው ብሎ ወጣ፤ ቀስቷም ወርዳ ዜሮ ላይ ተኛች።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ። «ዜሮ ነው።»

«እኔን ልትፈትን!» አለ ሰውየው፤ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነገ ስለሚነዳበት ፍጥነት ያወራ ጀመር። ሚስቱ ቁልፉን እንዲሰጣት መዳፏን አፍንጫው ሥር ዘረጋች። እሱ ወሬውን ቀጠለ፤ መዳፏም ባዶውን እንደተዘረጋ ቆየ።