ምስክሮቹ ሁሉ «አላውቀውም» አሉ

«አላውቀውም!»

ዘበኛው ነው እንዲህ ያለው... ምሎ፣ ተገዝቶ፣ ዳኛዋ ፊት ቆሞ።

መካኒኩ ጆሮውን ማመን አቃተው።

በየማለዳው የግቢውን በር የሚከፍትለት ሰው! ባለፈው ሳምንት እንኳ እሱ ራሱ ሬዲዮኑን በነፃ የሠራለት ሰው!

ዳኛዋ የመካኒኩን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ደግመው አነበቡ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዲህ የሚባል ሰው በሰፈራችን የለም። ምዬ አልዋሽም!»

ዘበኛው ፍርድ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ወደ ጎን ዞር ማለት የሚያስቀጣ መስሎት ዓይኑን ከዳኛዋ ጠረጴዛ አልነቀለም...

መካኒኩ ብድግ አለ። «ኧረ እኔ ነኝ! ኧረ ዞር በልና...»

«ይቀመጡ! ሳይፈቀድልዎ እንዳይናገሩ!»

ተቀመጠ። 

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሚጢጢ የመካኒኩ ልጅ ናት። እሱና እናቷ አብረው ኖሩ እንጂ የጋብቻ ወረቀት አልነበራቸውም። ልጅቷ ስትወለድ እሱ የተበላሸ ክሬን ሊጠግን ሩቅ ሄዶ ነበርና በልደት ወረቀቷ ላይ የአባት ቦታ ባዶ ቀረ።

«ነገ እናስሞላዋለን» ተባባሉ።

ነገ ደግሞ መች አልቆ ያውቃል?

እናትየው ታማ ሞተች። ቦታው ባዶ እንደሆነ ቀረ...

አሁን የሟች ታላቅ እህት ከሌላ ከተማ መጣችና «ልጅቷን እወስዳታለሁ» አለች።

«ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ አታድግም! ደግሞስ አባቷ ለመሆንህ ምን ወረቀት አለህ?»

ክፋት የላትም፤ የእህቷ ልጅ አሳዝናት ነው። ግን አንዴ ካለች አለች ነው!

ዳኛዋም «እንደ አባቷ ሆነው ያሳደጓት፣ ሰፈሩም አባቷ ብሎ የሚያውቅዎት ከሆነ ምስክር ያምጡ» አሉት።

ይኸው አመጣ። ምስክር ተብዬው...

ሁለተኛዋ ምስክር፣ ባለሱቋ፣ ገባች። ማለች። ስሙ ተነበበላት።

ጣሪያውን አየች... መሬቱን አየች...

«ደንበኛዬ አይደለም።»

የአክስትየው ጠበቃ ከረባቱን አስተካከለ። «ክብርት ዳኛ፣ ሰውየውን የራሱ ምስክሮች እንኳ አያውቁትም! ልጅቷ ለአክስቷ ትሰጥልን!»

መካኒኩ ላብ በላብ ሆነ። መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ሲከት የሚጢጢን የፀጉር ማስያዣ አገኘ...

ጠዋት «ማታ አንተው ነህ አይደል የምታስተኛኝ?» ብላው ነበር።

«እንዴታ!» ብሏታል።

አሁን ምን ብሎ ቤቱ ይግባ?

«የተጠሪ ምስክር ትግባ» ተባለ፤ የአክስትየው ምስክር ማለት ነው።

የመካኒኩ ነፍስ ከሥጋው ልትለይ ምንም አልቀራት!

የገባችው ጎረቤቱ «ሳይረን» ነበረቻ!

ሳይረን ያሏት በከንቱ አይደለም... ስትቆጣ ማዶ ሰፈር ያለ ውሻ አልጋ ሥር ይገባል። ከመካኒኩ ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ ናቸው። ጠበቃውም «ከዚያ ግቢ አብዝቶ የሚጠላውን ሰው ፈልጉልኝ» ብሎ ነው ያስመጣት።

እየተቅለሰለሰ የመካኒኩን ስም ጠራና «እትዬ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» አላት።

«አላውቀውም!» መስኮቱ ተርገበገበ።

ጠበቃው ሊቀመጥ ሲል...

«እኔ ስለማላውቀው ሰው ምን አገባኝ? የመጣሁት የዚህን የሚጢጢን አባት ጉድ ልናገር ነው!» ብላ ጣቷን መካኒኩ ላይ ቀሰረች።



ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የማን አባት አሉኝ?»

«የሚጢጢ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እንደ መኪና ሽቦ ጠምዝዞ ይለቃታል፤ በር ላይ ጠብቄ ፈትቼ የምጎነጉናት እኔ! ትኩሳት የያዛት ቀን ደግሞ ድረሱልኝ ብሎ በሬን ሲደበድብ ማጠፊያውን ገነጠለው፤ እስከ ዛሬ አልሠራልኝም! እሷ ስታነጥስ የሚታመመው እሱ ነው! ኧረ እንዲህ ያለ አስቸጋሪ አባት አይቼ አላውቅም!»

«ስሙን ግን አያውቁትም?»

«ስም? ሌላ ስም አለው እንዴ?»

ዳኛዋ ዘበኛውንና ባለሱቋን መልሰው አስጠሩ። በጣታቸው እያሳዩ «ይህ ሰው ማነው?» አሉ።

«የሚጢጢ አባት!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ዘበኛው ጨመረበት... «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብላችሁ አትጠይቁኝም? እኔማ የማላውቀው ሰው ጣጣ ውስጥ ልትከቱኝ መስሎኝ!»

አክስትየው ደሟ ፈላ። ከወንበሯ ተነስታ ጮኸች።

«አንተ የሚጢጢ አባት! ሰፈሩን አስጠንተህ ነው አይደል ያመጣኸው?»

ከዚያ... አፏን በእጇ ያዘች።

ግን ቃል አንዴ ካፈተለከ አይመለስ!

ዳኛዋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ሰፈሩ ስሙን እስኪረሳው ድረስ አባት ካለው፣ ተጠሪዋም ካሉት፣ ይህ ፍርድ ቤት ምን ቆርጦት ሌላ ይለዋል? አባቷ ነው። በባዶው ቦታ ስሙ ይጻፍ።»

መካኒኩ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰው... እንባው እየወረደ ሊፈርም ሄደ።

«ሙሉ ስምዎን እዚህ ይጻፉ» አለው ጸሐፊው።

«የሚጢጢ አባ...» ብሎ ጀመረና ሰረዘው!

ደጅ ሲወጡ አክስትየው ቀስ ብላ ጠጋ አለችው። «ቅዳሜ ልምጣ? ፀጉር አጎነጓጎን ላሳይህ...»

«ቤትሽ ነው፣ እህቴ።»

ከኋላ ሳይረን ጮኸች። «መጀመሪያ ማጠፊያዬን!»

ልጆቼ... አባት የሚያሰኘው በየማለዳው የተጎነጎነው ፀጉር ነው፤ ጠማማም ቢሆን!

ወረቀቱን ግን «ነገ» አትበሉ። ሳይረን የሌለበት ሰፈርም አለ...

እስቲ ንገሩኝ፣ ስሙን ሳታውቁ በልጁ ብቻ የምትጠሩት አባት ወይም እናት ሰፈራችሁ አለ? ነገ ዳኛ ፊት ስሙን ቢጠሩላችሁስ... «አላውቀውም» ነው የምትሉት?