የመጀመሪያዋ ጉርሻ

ልጇ በማንኪያ መብላት መቻሉን የሰማችው ከጎረቤት ነው። እሷ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች፤ ያስተማረችው ሞግዚቱ ስንዱ ናት። ማታ ስትመለስ የሚጠብቃት በቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ በቆመው ፎቶዋ ላይ የደረቀ ገንፎ ነበር። "ፎቶዬን እንኳ አልማረችልኝም" እያለች ትጠርገዋለች። ልጁም ስንዱን ሲያይ ይፍለቀለቃል፤ እሷን ሲያይ ጣቱን ይጠባል። ቅናቱ አንጀቷን አሳረረው።

አንድ እሑድ ገንፎውን ከስንዱ እጅ ተቀበለች።

"ዛሬ የማበላው እኔ ነኝ። አንቺም ከነገ ጀምሮ ሌላ ቤት ፈልጊ።"

ስንዱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እሺ እትዬ። ብቻ እንዳይቆጡት፤ መጀመሪያ እናቱን ሳያጎርስ አይበላም። እንዲያ ነው ያስለመድኩት።"

እናት ደነገጠች። ልቧም ራሰ። ከልጇ ፊት ተንበርክካ "በል የኔ ጌታ፣ አጉርሰኝ" አለችና አፏን ከፈተች።

ልጁ ማንኪያውን ሞልቶ ተነሣ። እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ በአጠገቧ አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሄደ። ማንኪያውን ወደ ፎቶው አፍ አስጠጋና፣

"እማ፣ አም!" አለ።