በፎቶው ላይ ዘጠነኛው

ሰውየው ከቡሬ በእግሩ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ካኪ ካፖርት ለብሷል። ባርኔጣውን ሰው ቤት ገብቶም አያወልቅም፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ኪሱ ደግሞ ወደ ታች ተጎትቷል፣ ከባድ ነገር አለበት። ዘመኑ 1970 ነውና ካፖርት ኪስ ውስጥ የሚከብድ ነገር ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

በግራ እጁ አንድ ፎቶ አወጣ። ዘጠኝ መርከበኞች ነጭ በነጭ ለብሰው ምጽዋ ላይ ከመርከባቸው ፊት ተደርድረዋል። ከጀርባው ዘጠኝ ስም ተጽፏል። ስምንቱ ስሞች አጠገብ ትንንሽ የመስቀል ምልክት አለ። ዘጠነኛው «ታከለ» ይላል፤ እሱ ተሰርዟል።

ታከለን ሰውየው ፍኖተ ሰላም ሄዶ አግኝቶታል። ታከለ በሕይወት አለ፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ባሕር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ታዲያ በእሱ ስም መርከብ ላይ የቆመው፣ ያ ባርኔጣው ወደ ጆሮው የዘመመው ልጅ ማን ነው? ታከለ አላውቅም ብሎታል። ሰውየውም ታከለ ያደገበትን መንደር ጠይቆ መጣ።

መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ክንዱ ነው፣ የእማዋይሽ ልጅ። ባሕር ኃይል ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሲፈልግ፣ ክንዱ ስድስተኛ ላይ አቋርጦ ነበርና የታከለን ወረቀት ይዞ ሄደ። ደብዳቤው ከቀረ ስምንት ወር ሆነው። ጀልባ ይዘው የከዱ መርከበኞች አሉ የሚል ወሬ ደግሞ ቡሬ ገበያ ላይ ተሰምቷል።

እማዋይሽ ፎቶውን ተቀብላ አየች። ክንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱ ላይ ያደረገው ነገር ቀጥ ብሎለት አያውቅም።

«አላውቀውም» አለች።

«ደኅና አድርገው ይዩት፣ እናቴ።»

«ዓይኔ ደክሟል። ባይደክምም አላውቀውም።»

የክንዱ አክስት ገላነሽ ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን እንደ ድመት ሆና ከሰውየው እየቀደመች በየቤቱ ገባች። አላውቅም በሉ፣ ሌላ ቃል አትጨምሩ ስትል አስጠነቀቀች። ሽማግሌው ሙጬ ብቻ አላስቻላቸውም፤ የራሳቸው ልጆች ስንኳ እየተምታቱባቸው የባሕር ሰው ከየት እንደሚያውቁ መልሰው ጠየቁት።

ሰውየው በጠየቀ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። የልጁ ቤተሰብ የነፍስ አባት ማን እንደሆኑ ጠየቀ። ከጎረቤት የሚከበሩ ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ቤት ይገኙ እንደሆነም ጠየቀ።

«ጎህ ሲቀድ ቤት የሚከብ ማን እንደሆነ እኛም አላጣነውም» አለች ገላነሽ ለሴቶቹ።

እማዋይሽ ለወጉ ያህል ምግብ አቀረበችለት። አልቀምስም አለ፤ ውሃም እንኳ አልነካም። ገላነሽ ይህንንም ፈታችው፦ እህል ውሃ ከቀመሰ በኋላ አሳልፎ መስጠት ይከብደዋላ።

ከዚያ ፊት ለፊት ገጠመችው። «ለመሆኑ ምን ፈልገውት ነው፣ ጌታዬ?»

«ለቤተሰቡ እንጂ ለሌላ አልናገርም» አለ ሰውየው። «ለእነሱም ቢሆን እንዲህ በቁሜ አልናገርም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደከመው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙን ተዉት። የክርስትና ስሙን ብቻ የሚነግረኝ ሰው የለም?»

ሴቶቹ ተያዩ። በዓለም ስሙ ሰው ይታሰራል፤ በክርስትና ስሙ ግን ይደገምበታል። በወረቀት አልገኝ ሲላቸው በደብተራ ሊስቡት ነው! ገላነሽ ክፉው ነገር መሄዱ ካልቀረ ለሚገባው ሰው ይሂድ ብላ አሰበች። ለሚገባው ሰው ደግሞ ብዙ አልፈለገችም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቸኮለ የሰው ልጅ እየመዘገበ ለሚሊሺያ ከሰደደ ገና ዓመቱ ነው። እናቱ ክርስትና ስታስነሣው አጅባ የሄደችው ደግሞ እሷ ናትና የክርስትና ስሙን ታውቃለች።

«ወልደ ሰንበት ነው» አለችው። «ከኔ ሰማሁ እንዳይሉ።»

ሰውየው በግራ እጁ ከተሰረዘው ስም በላይ ጻፈው። አጎንብሶ እጅ ነሣና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ቤት አቀና። ገበዙም ሊታሰሩ ነው ተባለ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ሲቀሩ እማዋይሽ ማልቀስ ጀመረች። ገላነሽ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ምን ያስለቅስሻል አንቺ? ይህን ያህል አገር አቋርጠው ከፈለጉት አለ ማለት ነው። ለሞተ ሰው ማን ጫማውን ይጨርሳል?»

እማዋይሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። ቀና አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ቸኮለ ቤት እንዳይሰማ አድርጋ፣ እልል አለች። ከስምንት ወር በኋላ የዚያን ቀን ራቷን ጨርሳ በላች።

ቅዳሜ ማርያም ነበረች። እማዋይሽ ልጄን በሕይወት ካሰማሽኝ ብላ የተሳለችውን ጧፍ ይዛ ሄደች። ገላነሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጎኗ ቆመች። ሁለቱም ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያያቸው ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰውየው ከገበዙ ጋር ወጣ። ባርኔጣው የለም፤ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሟል። ቀኝ እጁ የብረት መስቀል ይዟል። ፎቶውን ከበሮው ላይ አኖረና ሕዝቡን ዞሮ አየ።

ምጽዋ ላይ የመርከበኞቹ የነፍስ አባት እንደነበረ ተናገረ። መርከባቸው ከነነፍሳቸው ከሰጠመች ስምንት ወር እንደሆናት፣ መንግሥት ዝም ስላለ መርዶውን እሱ ቤት ለቤት ሲያደርስ እንደከረመ፣ የአንዱን ቤት ግን ፈልጎ እንዳጣው ተናገረ። ቢያንስ ነፍሱ በስሙ ትጠራ ብሎ ፍትሐቱን ጀመረ።

ስምንቱን አንድ በአንድ ጠራ።

ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ፎቶውን አንሥቶ ጀርባውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ወልደ ሰንበት» አለ።