ሁለተኛው ማሽን

«ዛሬ ይቅር፣ ልጄ» አለ መድኃኒቱ የሚሉት ሽማግሌ፣ ከማሽኑና ከአዲሷ ኃላፊ መሀል ቆሞ። «ሰኞ ነው። ወረፋው ውጭ በር ድረስ ተዘርግቷል። ጋብ ሲል ብንሞክረውስ?»

«ሰው ባለበት ካልሞከርነው ሞከርነው አይባልም፣ ጋሼ።»

የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆና ከመጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። እሱ ጥገና ላይ ያረጀ ሰው ነው። የሕሙማኑ መረጃ ሁሉ የተቀመጠበት ዋናው የኮምፒውተር ማሽን ሲወድቅ፣ ካርድ ክፍሉ ሥራ ፈትቶ ላቦራቶሪው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ የሚጠራው እሱ ነው። ገብቶ እዚህም እዚያም ሲነካካው ይነሳል። ነርሶቹ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው መድኃኒቱ ያሉት ለዚህ ነው። አስታማሚዎች ሳይቀሩ ሲያልፍ ይመርቁታል።

እሷ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለተኛ ማሽን ማስገባት ነበር። ይኼኛው ዋናው የሚመዘግበውን በየሰዓቱ እየቀዳ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፤ ዋናው ከወደቀ ደግሞ ማንም ሳይጠራ ሥራውን ራሱ ይረከባል። ሲያወሩት ያማረ ነገር ነበር። ግን ቅጂው በሆነ ባልሆነው ይቋረጣል። ሄዳ ስታየው ሁለቱን የሚያገናኘው ኬብል ከመሰኪያው ላልቶ ታገኘዋለች።

«አይጥ ነው» ይላታል መድኃኒቱ። «ይኼን ቤት አይጥ ወርሶታል።»

አይጥ ይቆረጥማል እንጂ ይነቅላል እንዴ? ይህችን ጥያቄ እየዋጠች ከረመች። በአባቷ ዕድሜ ያለን ሰው፣ ያውም አገር የሚመርቀውን፣ በምን አፏ ትጠይቀው? ባለፈው ሳምንት ግን ዋናው ማሽን ወደቀ፤ ሁለተኛውም ኬብሉ ላልቶ ስለነበር አልተነሳም። አንዲት ወላድ፣ መድኃኒቱ ማሽኑን አስነስቶ የምርመራ ውጤቷ እስኪገኝ ድረስ፣ ደም እየፈሰሳት ቆየች። ለጥቂት ተረፈች። ባሏ የመድኃኒቱን እጅ ይዞ እያገላበጠ ሲስም ኃላፊዋ በዓይኗ አየች። መድኃኒቱ እጁን አልሰበሰበም። ዛሬ ጠዋት ቀድማው ገብታ ኬብሉን በገዛ እጇ አጥብቃ፣ ከክፍሉ ንቅንቅ ሳትል ጠበቀችው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል አልሰማሽም?» አለ አሁን። «ይኼ አዲሱ አልነሳም ቢልስ?»

«እርስዎ አሉልኝ አይደል?»

እንደ ዋዛ ነበር ያለችው፤ ዓይኗ ግን ፊቱን ይፈትሽ ነበር። ፊቱ ፈታ አለ።

«እሱስ አለሁ» አለ፣ ከመንገዷም ገለል አለላት።

ጎንበስ ብላ ዋናውን ማሽን ከኤሌክትሪኩ ነቀለችው።

የማራገቢያው ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። በክፍሉ የመስተዋት ግድግዳ በኩል የካርድ ክፍሏ ጸሐፊ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ስክሪኗ ላይ ስታፈጥ ትታያለች። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ። የሁለተኛው ማሽን መብራት ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ሌላ ምንም የለም። ኃላፊዋ ዞር ብላ ብታየው መድኃኒቱ የጃኬቱን ኮሌታ እያስተካከለ ነው፤ ሊጠሩት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይመስላል።

«ልሰካው?» አለ በለሆሳስ።

«ይቆዩ።»

ጸሐፊዋ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ሰውዬው ካርዱን ተቀብሎ ሄደ። ከኋላው የነበሩት አሮጊት ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ኃላፊዋ «ተመስገን» አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ክፉ ማሰቧ አሳፈራት። ሰው ሳያጠፋ በከንቱ ጠርጥሬ እንደሆነስ?

«ሠራ እኮ፣ ጋሼ» አለችው፣ ልትታረቀው ፈልጋ።

መድኃኒቱ በሩን ሳይዘጋ ወደ አዳራሹ ወጣ።

«ቆመባችሁ እንዴ?» ብሎ ጸሐፊዋን ሲጠይቃት ሰማችው።

«ኧረ ደህና ነው፣ ጋሼ» አለች ጸሐፊዋ ቀና ሳትል።

ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈ። «እናንተስ ጋ? አልቆመም?»

«ምኑ?» አለው ሠራተኛው።

መድኃኒቱ ወደ ሦስተኛው መስኮት ጥቂት ተራመደና ተወው። አዳራሹ መሀል ቆሞ ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ በየወንበሩ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ተራ የሚጠራውን ሰሌዳ ነበር። ኃላፊዋ በመስተዋቱ አሻግራ ፊቱን አየችው። ስንት ጊዜ በሆዷ ስታመላልሰው የከረመችው ነገር፣ ኬብሉን ሲያላላ የኖረው እጅ የማን እንደሆነ፣ አሁን ማንም ሳይነግራት ገባት፤ ምነው ባይገባኝ ኖሮ አለች በልቧ።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እየገፋች እግሩ ሥር ደረሰች።

«አባባ፣ እግርዎን አንዴ» አለችው።

አንዱን አነሳላት፤ ቀጥሎም ሌላውን። እሷ ወልውላ ስታልፍ፣ እርጥቡ ወለል ላይ በየት በኩል እንደሚረግጥ ግራ ገብቶት እዚያው ቀረ።