የትውውቅ እራት

ደብሪቱ ከልጇ የወደፊት አማት ጋር ልትተዋወቅ ወደ ትልቁ ሆቴል ስትመጣ የጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇን እንዳታሳፍረው። ናሁሰናይም አሳንሰሩ ውስጥ፣ «እማዬ፣ አደራሽን ብዙ አታውሪ» ብሏታል።

የጃፓን ምግብ አብሳዩ እፊታቸው በጋለ ሰፊ ብረት ላይ ሥጋ ይጠብሳል፤ እንቁላል ወደ ላይ አጉኖ በቆቡ ይቀልባል። እሳቱ ቦግ ሲል ደብሪቱ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

«አይዞዎት እትዬ፣ አይደርስብዎትም» አለች የልጇ እጮኛ እየሳቀች።

ደብሪቱ በሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች መብላቱ አልሆነላትም። ስለዚህ ለስለስ ያለውን ሥጋ በጣቶቿ አንስታ፣ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ልጇን አጎረሰችው። ናሁሰናይ ፊቱ ደም መሰለ። «ወይኔ፣ አሳፈርኩት» አለች በልቧ።

የልጅቷ እናት ወይዘሮ ትርሲት ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የደብሪቱን እጅ ይዘው፣ «አንቺስ ሠራተኛ አይደለሽም፣ እናት ነሽ» አሏት። «እንዴት አድርገሽ እንዳሳደግሽው ሁሉንም ነግሮናል። በሕፃንነቱ የሞተችበት እናቱ ይህን ብታይ እንዴት ደስ ባላት! ነፍሷን ይማርልን።»

ደብሪቱ ልጇን አየችው። እሱ ሳህኑን ያያል።

«አሜን» አለች።